የሸክላዋ ጥራጊ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሸክላ» ይለዋል። በቅጽል ስሙ ተናድዶ አያውቅም፤ ቢናደድም ለመናገር ይደክመዋል። ጡረታ የወጣ የራዲዮ ጣቢያ ቴክኒሽያን ነው። ስድሳውን ከተሻገረ ቆይቷል፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል፣ ግራ ጆሮው ውስጥ ደግሞ ማንም ያልጠራው ፉጨት ቀን ከሌት ይጮኻል። እንዲህም ሆኖ ሥራው መስማት ነው። ድሮ ሰው ይጨፍርባቸው የነበሩትን ትንንሽ የዳንስ ሸክላዎች፣ በፊታቸው አንድ በጀርባቸው አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙትን፣ ከየቁም ሳጥኑና ከየአልጋው ሥር ያስወጣል። ያጥባቸዋል፣ ያጫውታቸዋል፣ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣቸዋል፣ ጭረታቸውን ያጸዳል፤ ከዚያም ኢንተርኔት ላይ በከፈታት ገጽ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ያካፍላል።

በነጻ ሲሆን ምስጋና የሚበዛ ይመስላል። የሚበዛው ትእዛዝ ነው። አንዱ «ድምፁ አነሰኝ» ይላል፣ ሌላው «እናቴ የምትወደው ዘፈን መቼ ነው የሚወጣው?» እያለ ይነዘንዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዘፋኙን ከሌላ ዘፋኝ ጋር አምታቶ ሲያበቃ ባለሙያውን ያርማል። ጋሽ ሸክላ ድሮ ለሁሉም በትሕትና ይመልስ ነበር። አሁን ያነብና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። በቃኝ ካለ ሰንብቷል፤ አንድ የመጨረሻ ሸክላ አጽድቶ ገጹን ሊዘጋት ለራሱ ቃል ገብቷል። ይህን ቃል ሲገባ ግን የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም።

የሚሠራው በቤቱ ጀርባ፣ ቀድሞ ዕቃ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ ሻይ የሚጠጣበት ኩባያና የማጠቢያውን ብሩሽ የሚነክርበት ኩባያ፤ ሁለቱ ኩባያዎች መንትያ ስለሆኑ ሻዩን ትቶ የሳሙና ውሃ የተጎነጨበት ቀን አለ። ከዚህች ክፍል ጋር በስስ ግድግዳ የሚዋሰነው መኝታ ቤት የእህቱ ነው።

እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው በጊዜ ስላረፈች ያሳደገችው እሷ ናት። ሰፈሩ ጋሽ ይበለው እንጂ ለእሷ ዛሬም ማሙሽ ነው፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ «ማሙሽ፣ ሹራብ ደርብ እንጂ» ስትለው የሰሙ ጎረቤቶች ብዙ ጊዜ ስቀውበታል። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፣ አእምሮዋም ተርፏል ተባለ፤ ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፣ ምላሷም ከበዳት። አሁን አንድ ነገር ለመናገር ስትነሣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው በየመሃሉ ታርፋለች። ቀልዷ ግን አልለቀቃትም፤ የማይንቀሳቀሰውን እጇን «እንግዳዋ» ብላ ሰየመችው። «ይቺ እንግዳ… መቼ ነው… የምትሄድልኝ?» ትላለች።

ስለ እትዬ እጅ ቤተሰቡ ውስጥ የቆየ ቀልድም አለ። በወጣትነቷ የማታ የታይፕ ትምህርት ትማር ነበር። አባታቸው ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ልጃገረድ ለትምህርት ካልሆነ አምሽታ አትገባም ባይ። እሷም ስትማር አምሽታ፣ መዳፏ ቀልቶና አብጦ ትመጣለች። ማሙሽ ያኔ ገና ጥርሱን አልነቀለም፤ እጅሽ ለምን ቀላ ሲላት «ታይፑ ጠጣር ነው» ትለዋለች። ያን ሁሉ ጊዜ ተምራ ግን ኋላ ቢሮ ስትቀጠር በሁለት ጣት ነበር የምትጽፈው። «ያን ሁሉ ማታ የተማረችው በሁለት ጣት ለመጻፍ ነው?» እያሉ አባቷ ይማረሩ ነበር። እሷ ከሁሉም በላይ ትስቃለች።

እሷን የሚያስታምሙት ሁለት ናቸው፤ ጋሽ ሸክላና የእትዬ ልጅ። ልጅቱ ነርስ ናት። ልጅ ትባል እንጂ እሷም ሽበት ጀምሯታል። ጠዋት ገላዋን አጥባ፣ መድኃኒቷን ሰጥታ፣ ከሰዓት ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ያኔ ተረኛው አጎትየው ይሆናል። እትዬን ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ መደገፍ፣ ከዚያ ተመልሶ ሸክላ። እንቅልፍ የሚባለው ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ ወዲህ ሁለቱም ሲነጋገሩ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም።

አሁን የዚህን ሥራ አንድ ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ሸክላን ሙያውን ያስተማረው የጣቢያው የድምፅ ክፍል አለቃ ነበር። በቴፕ ዘመን ጭረት የሚወጣው በምላጭ ተቆርጦ ነው፤ ቁርጥራጩ ወለል ላይ ይወድቃል፣ ማታ ይጠረጋል። አለቃው ታዲያ ወለሉን ከማስጠረጉ በፊት ቁርጥራጮቹን ለቅሞ፣ እርስ በርስ ቀጣጥሎ ያዳምጣቸው ነበር። ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትጠብቀዋለች። «ጥራጊህን ሳታዳምጥ አትድፋ» ነበር ትእዛዙ፤ ከጭረቱ ጋር ዘፈን ቆርጠህ እንደሆነ የሚነግርህ ጥራጊው ነው። ኮምፒውተርም ከመጣ በኋላ ነገሩ አልተለወጠም። ጭረቱን ሲያወጣ የወጣውን ሁሉ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ጋሽ ሸክላም ስሙን አልቀየረለትም፣ ጥራጊ ነው የሚለው። ለዓመታት እያንዳንዱን ጭረት በእጁ እያወጣ፣ ጥራጊውን እስከ መጨረሻው እያዳመጠ ሠርቷል። እትዬ ከታመመች በኋላ ግን አቅም አጣ። «ሁሉንም አጽዳ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ይጫንና ይሄዳል። ጥራጊው ይቀመጣል፣ የሚያዳምጠው ግን የለም።

የመጨረሻዋ ትሆናለች ያላት ሸክላ የመጣችው ከልብስ ሰፊው ነው። ልብስ ሰፊው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ሱቅ አለው፤ በጉብዝናው ዘመን የታወቀ ጨፋሪ ነበር፣ ዛሬ ጉልበቱ ቢከዳውም ሲያወራ ትከሻው አያርፍም። ሸክላዋ መሃሏ ላይ ቀይ ወረቀት ስለተለጠፈባት ሁለቱም «ቀይዋ» አሏት። ጭረት ያልነካው ቦታ የላትም። ጋሽ ሸክላ አጠባት፣ አደረቃት፣ መርፌውን አሳረፈባት። የሚሰማው ዘፈን ይሁን የሚጠበስ ሽንኩርት ለመለየት እንኳ ያስቸግር ነበር። ከዚያ ሁሉ ቅጭልጭልታ ሥር ትራምፔትና ከበሮ አለ፣ አንድ ሰው ይዘፍናል፤ ከዚህ በላይ ለመስማት ጆሮው አልፈቀደም። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ እንዳበቃ ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ተጣራች። ቁልፉን ተጫነና ሄደ።

ሾርባዋን አጉርሷት ሲመለስ ማሽኑ ጨርሷል። ዘፈኑ ፏ ብሏል። ኮምፒውተሩ ሞልቶ አላንቀሳቅስ ስላለው ያልጸዳውን ቅጂ አጠፋው። ጥራጊውን ዓይቶ «ነገ» አለ፤ ነገ የሚባለው ግን አልመጣም። ዘፈኑን ገጹ ላይ ለቀቀ፣ ቀይዋን ለባለቤቷ መለሰ። ሰዉም ወደደለት። «ትናንት የተቀዳ ነው የሚመስለው» ያለው በዛ። ጋሽ ሸክላ ሲያነብ ደስታ ቢጤ ተሰማው፤ ያለ ድካም የተገኘ ነገር ስለሆነ ግን ብዙ አልቆየም።

ችግሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ቤት ድረስ እየመጣ እትዬን የሚያሠራት ፊዚዮቴራፒስት አንድ ነገር ደጋግሞ ያዝዛታል፤ በደህናው እጅሽ የታመመውን ንኪው፣ ምቺው፣ አንሺው፣ አእምሮሽ እንዳይረሳው። እትዬ ደግሞ ምን ቢለምኗት እንግዳዋን አትነካም። የእሷ ያልሆነ ዕቃ ጭኗ ላይ የተቀመጠ ያህል ዓይኗን ታነሣለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ሙዚቃ ቢከፈትላት ሳይረዳት አይቀርም አለ። ነርሷም ለአጎቷ፣ «ጋሼ፣ ለዓለሙ ሁሉ ከምታካፍለው ለእሷም አንድ አትከፍትላትም?» አለችው። አነጋገሯ እሾህ ነበረበት፤ እሱም ወጋው።

ከሁሉ የጠራችውን መረጠ፤ ቀይዋን። ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ እትዬ ክፍል አስገባና ከፈተላት። ትራምፔቱ ገና ሲጀምር የእትዬ ፊት በራ። ዓይኗን ጨፈነች፣ የደህናው እጇ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሱ። ነርሷ የአጎቷን ክንድ ያዝ አደረገች። ከዚያ ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ደረሰ። እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ጆሮዋን አዘንብላ ጠበቀች፤ የጠበቀችው ነገር የቀረ ይመስል እንደገና ጠበቀች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እኔን… የት ጣልከኝ?» አለችው።

ጋሽ ሸክላ እንደ ወቀሳ ወሰደው። የሚገባውን ነው የተናገረችው። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ጣሪያ እያየች ስትውል እሱ ሸክላ ሲያሻሽ የሚውል ሰው ነው፤ ያሳደገችውን እህቱን ጥሏታል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይቅርታ ለመናት። ሥራውን እንደሚተው፣ ገጹን እንደሚዘጋ፣ ከእንግዲህ ከጎኗ እንደማይለይ ነገራት። ሲናገር የእውነቱን ነበር። እሷ ግን ራሷን በኃይል ነቀነቀች። የምትፈልገው ቃል አልመጣ አላት፤ በግራ እጇ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠቆመች።

«እዚያ… እዚያ ውስጥ… እኔ ነበርኩ። የት… ጣልከኝ?»

ነርሷና አጎቷ ተያዩ። ነርሷ ፊቷ ተለወጠ፤ ዘፈኑን አጠፋችና አጎቷን ይዛው ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሐኪሙ አስቀድሞ አስጠንቅቋት ነበር፤ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት ካየሽ ንገሪኝ ብሏታል። ድምፅ ማጉያ ውስጥ ነበርኩ የሚል ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ሊጨምር? ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትፈራውን ተናገረች። አእምሮዋ እየሄደ ከሆነ እቤት ልትቆይ አትችልም፤ እሷ ሥራ ላይ፣ እሱም በወገቡ፣ አንድ ቀን ከአልጋ ልነሣ ብላ ብትወድቅስ፣ መድኃኒቷን አልውጥ ብትልስ? ከከተማው ዳር እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን የሚይዝ ቤት አለ። አርብ የሐኪም ቀጠሮ ስላላት እዚያው ይነጋገሩበታል። ጋሽ ሸክላ አልተከራከረም። አለመከራከሩ ኋላ ያሳፈረው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ደክሞታል፣ በድካሙ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀጭን እፎይታ ነበረች።

ኮሪደሩና መኝታ ቤቱም የሚለያዩት እንደዚያው ባለ ስስ ግድግዳ ነው። እትዬ ሁሉንም ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም። ፊዚዮቴራፒስቱ መጥቶ ሄደ። ምግብ ሲያጎርሷት አፏን ትከፍታለች፣ ያም ለልጇ ስትል ነው።

ጋሽ ሸክላ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ የሄደው ለሌላ ጉዳይ ነበር። እንግዳዋ እጅጌ ውስጥ አልገባ እያለች ልብስ ማልበስ ሥቃይ ሆኖባቸዋል፤ የእትዬ ሁለት ቀሚሶች እጅጌያቸው እስከ ትከሻ ተተርትሮ ቁልፍ እንዲገባላቸው ይፈልጋል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ቀሚሶቹን ገለበጠ፣ ገባኝ አለ፣ በመርፌ ምልክት አደረገባቸው። ከዚያ የሆነ ነገር አፉ ላይ መጥቶ የሚመልሰው መሰለ።

«ቀይዋን ሰማኋት» አለ በመጨረሻ። «ሥራህ ጥሩ ነው፤ አልዋሽህም። ግን ተነሥቼ ልሞክራት ብል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ሸክላ እግር የሚያምጸው በዕድሜ ነው አለው። ልብስ ሰፊው አልሳቀም። በእግሩ ብቻ ቢሆን እሱም እንደዚያው ያስብ እንደነበር፣ ግን ቁጭ ብሎ በትከሻውም ሞክሮ እንዳልሆነለት ነገረው።

«አጨብጫቢዎቹን የት አደረስካቸው?»

«የምን አጨብጫቢ?»

«አዝማቹ ላይ እኮ ሁለት ሴቶች ያጨበጭባሉ። አንደኛዋ ልክ በልኩ ናት። ሌላይቱ ዘግየት ትላለች፤ ሁልጊዜ፣ የቀረች መስላ ነው የምትደርሰው። እኛ ስንጨፍር የምንጠብቀው እሷን ነበር። እግራችንን የምታስቀምጠው እሷ ናት።» በመዳፉ የስፌት ጠረጴዛውን መታ፤ ጧ፣ ከዚያ ከልኩ ትንሽ አዘግይቶ፣ ጧ። «አሁን ከበሮው ብቻውን ነው። ወታደር የሚሰለፍ ይመስላል።»

ጋሽ ሸክላ መቀመጫ ፈለገ። የተፈጠረው ነገር ለማንም ባይገባ ለእሱ ገባው። ማሽኑ ጭረትን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ አጭር መሆኑና ስል መሆኑ። ጭብጨባም አጭር ነው፣ ጭብጨባም ስል ነው። ማሽን የሴት መዳፍና የመርፌ ጭረት አይለይም። ሊለይ የሚገባው ሰው ደግሞ ሾርባ ለማጉረስ ወጥቶ፣ ሲመለስም ጥራጊውን ሳያዳምጥ ቀርቷል። ቀይዋን እንደገና እንዲያውሰው ለመነው። ልብስ ሰፊው ተሽኮረመመ፤ መሳቢያውን ስቦ ሁለት ቁራጭ አወጣ። አማቹ ሶፋው ላይ መሆኗን ሳያይ ተቀምጦባታል። ለቤተሰብ ሰላም ሲል ዝም እንዳለ፣ ግን እስካሁን እንዳልማረው ተናገረ።

ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱ ላይ ነው ነገሩ ዱብ ያለበት። ቀስ ብሎ እየሄደ፣ በልቡ የልብስ ሰፊውን አመታት እየደገመ፣ ጧ… ጧ፣ ሳያስበው እጁን ዓየ። መዳፉን። ታይፕ የሚመታው በጣት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሳያስተውል ኖሯል። ታይፕ የመታ ሰው የጣቱ ጫፍ ይቆስላል እንጂ መዳፉ አይቀላም፣ መዳፉ አያብጥም። አንድ የፍራፍሬ ጋሪ የሚገፋ ሰው «አባት፣ ጠጋ በሉ» ሲለው ነው መንገድ መሃል እንደቆመ ያወቀው። እኔን የት ጣልከኝ ነበር ያለችው። ሌላ ምንም አላለችም፤ ያለችውን ነው ያለችው። እሱ ደግሞ ለሌላ ኃጢአት ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ልጇ «አእምሮዋ እየሄደ ነው» ስትል ዝም አለ። ጋሽ ሸክላ እንዲያ ያፈረበት ቀን የለም።

ቤት ሲደርስ ነርሷ የሥራ ልብሷን እየለበሰች ነበር። ሰላምታዋን እንኳ ሳይመልስ ወደ ሥራ ክፍሉ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ያልጸዳው ቅጂ የለም፤ በእጁ አጥፍቶታል። ሸክላዋ የለችም። ጥራጊው ግን እንደተቀመጠ አለ። አለቃው ያስለመደው ልማድ ነው ያተረፈው፤ ማዳመጡን ቢተውም ማስቀመጡን አልተወም። ማዳመጫውን በደህናው ጆሮው ላይ ደፍቶ ከፈተው።

መጀመሪያ ቅጭልጭልታው ብቻ ነበር። ትራምፔት የለ፣ ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ፤ ሽንኩርቱ ይጠበሳል። ጋሽ ሸክላ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ከዚያ ከመሃሉ፣ ጧ። ትንሽ ቆይቶ፣ የሌለውን ከበሮ አሳልፎ፣ ሌላ ጧ። ጠጣር መዳፍ ነው፣ የወጣት መዳፍ። ዘፈኑ ሁሉ ተነሥቶላት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ የቆመች ይመስል ጥርት ብላ ትሰማለች። ጋሽ ሸክላ አለቀሰ። እንባው መነጽሩ ላይ ሲደርቅ እንኳ አልጠረገውም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ጭብጨባውን ብቻ ለይቶ ሊያወጣው አሰበ። ሞከረ። አንዳንዱን አወቀው፤ አንዳንዱን ግን እሷ ትሁን ጭረት ሊወስን አልቻለም፣ ተሳስቶ እንደገና ሊጥላት ደግሞ አልደፈረም። ቀላሉ መንገድ የታወቀ ነው። የጸዳውን ዘፈንና ጥራጊውን አንድ ላይ ካስነሷቸው የመጀመሪያው ሸክላ ከነጉድፉ ተመልሶ ይመጣል። እሷን ለመመለስ ቆሻሻውን ሁሉ መመለስ ነበረበት። መለሰው።

ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ መኝታ ቤት ሲገባ ነርሷ እናቷን ልትሰናበት ጎንበስ ብላ ነበር። እትዬ እንደሰሞኑ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋለች። ጋሽ ሸክላ በመጀመሪያ ጥራጊውን ብቻውን ከፈተው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ተበላሸ እንዴ?» አለች ነርሷ።

በእጁ ዝም አሰኛት። ቅጭልጭልታው ክፍሉን ሞላ። ጧ። ጧ። የእትዬ ራስ ትራሱ ላይ ዞረ። ደግሞ ጧ፣ ደግሞ የዘገየችው። እትዬ ወንድሟን ዓየችው፤ ቀኝ የፊቷ ገጽ እንዳለ ቀርቶ ግራው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

«ሁለት ናችሁ» አላት። «የትኛዋ ነሽ?»

ዳገቱን ወጣችው። «የምትዘገየው።»

ነርሷ ቦርሳዋን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷን እያየች፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን እያየች፣ ነገሩን ለመገጣጠም ሞከረች። ጋሽ ሸክላ ልብስ ሰፊው ያለውንና ማሽኑ ያደረገውን በአጭሩ ነገራት። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ እንዳልሆነም ነገራት። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ዕድሜ ልኩን የተሸወደ ሰው ነውና፣ አንድ ነገር ሳይጠይቅ ማለፍ አልቻለም።

«ታይፑስ?»

እትዬ ሳቀች። በግማሽ ፊቷ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ታይፕ… የሚባል… የለም» አለች። አባቷ ቢያውቁ ገደል እንደሚከቷት፣ ሸክላው በሚቀዳበት ቤት እሷና አንዲት ጓደኛዋ ማይክራፎኑ ሥር ቆመው እንደሚያጨበጭቡ፣ ኃላፊው ስለ መዘግየቷ በየጊዜው እንደሚቆጣትና ትራምፔት ነፊው ግን ተዋት እንዳለ፣ ይህን ሁሉ በብዙ እረፍትና በብዙ ቁራጭ ነገረቻቸው። ስማቸው የትም ላይ አልተጻፈም። መጻፉንም አልፈለገችም ነበር፤ ብቻ እዚያ ውስጥ እንዳለች ታውቃለች፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍርባት ታውቃለች፣ ይህ ለእሷ በቂ ነበር። ነርሷ አጎንብሳ የእናቷን ግንባር ሳመች። የአርቡን ቀጠሮ ለእጇ ብቻ እንደሚያደርጉት ተናገረች። ስለዚያ ቤት ማንም አላነሣም።

ጋሽ ሸክላ አሁን ዘፈኑን ከፈተ፤ ከነጭረቱ፣ ከነቅጭልጭልታው፣ እንደ ድሮው። በማግስቱ ገጹ ላይ ሲለቀው ምን እንደሚሉት ያውቃል፤ ሥራ ፈታህ እንዴ፣ ይንጫጫል፣ የፊተኛው ይሻላል ይላሉ። ይበሉ። ትራምፔቱ ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ አዝማቹ ደረሰ። እትዬ ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣች። አየር ላይ ያዘቻት። ነርሷ እናቷ ምቱ እንዳለፋት አስባ ልትረዳት እጇን ዘረጋች፤ ጋሽ ሸክላ ክንዷን ይዞ መለሳት።

ግራ እጇ ዘግይታ ወረደች። ያረፈችው ብርድ ልብሱ ላይ አልነበረም። ጭኗ ላይ ወደ ላይ ተገልብጣ በተኛችው፣ ከታመመች ወዲህ ነክታት በማታውቀው እንግዳ መዳፍ ላይ ነው ያረፈችው። የወጣው ድምፅ ከምንም አይቆጠርም፤ ሁለት ጨርቅ የተነካካ ያህል ነው። እትዬ ግን እንደገና አነሣቻት፣ እንደገና አዘገየቻት፣ እንደገና መታች። ከድምፅ ማጉያው የምትመጣው ወጣት ልጅና ይቺ አሮጊት እኩል ይዘገዩ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። መርፌው መጨረሻ ላይ የሚያሰማው ኮሽታ እንኳ ተመልሶ መጥቷል። ጋሽ ሸክላ ከጠዋት ጀምሮ በእግሩ ነበር፤ ወገቡን ይዞ፣ እያቃሰተ፣ ከአልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ገና ጀርባውን ማስደገፉ ነበር።

«ድገመው» አለችው እትዬ።

ተነሥቶ ከመጀመሪያው አስጀመረው።